ለቪዲዮ ኤዲቲንግ የመጀመሪያ ኮምፒውተር ስታስገጣጥሙ፦ ከሱቁ በፊት ካሜራውን እዩ

ሜክሲኮም ሂዱ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ሱቅ ገብታችሁ «የኤዲቲንግ ማሽን ፈልጌ ነበር» ስትሉ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ግራፊክሱ ስንት ይሁንላችሁ?» የሚል ነው። ለጌም ገዢ ጥሩ ጥያቄ ነው። ለኤዲተር ግን ከዚያ የሚቀድም አለ፦ ካሜራችሁ የሚቀርጸው ፋይል ምን ዓይነት ነው? ይህን ሳያጣሩ የተገዛ ማሽን ውድ ካርድ ተሸክሞም ታይምላይን ላይ ይንቀረፈፋል።

ሚዲያኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ጫኑትና ከካሜራው በቀጥታ የወጣ አንድ ክሊፕ ክፈቱበት። ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ኮዴኩ (ቪዲዮው የታመቀበት ዘዴ) ኤች.264 ነው ወይስ ኤች.265 (ኤችኢቪሲ ተብሎም ይጻፋል)፣ ቢቱ 8 ነው ወይስ 10፣ ቀለሙ 4:2:0 ነው ወይስ 4:2:2 (የበለጠ የቀለም መረጃ የሚይዘው)። ሶኒ ኤ7 ማርክ 3 ለምሳሌ 8 ቢት 4:2:0 ይቀርጻል፤ ይህን ባለፉት ዓመታት የወጣ ማንኛውም ግራፊክስ ካርድ ያለ ችግር ይፈታዋል (የታመቀውን ከፍቶ ያጫውተዋል)። ኤ7 ማርክ 4፣ ኤ7ኤስ ማርክ 3 ወይም ካኖን አር6 በሎግ (በኋላ ቀለሙ እንዲስተካከል ደብዘዝ ብሎ በሚቀረጸው) ከሆነ የምትቀርጹት ግን ብዙ ጊዜ 10 ቢት 4:2:2 ውስጥ ገብታችኋል፤ የምርጫው መንገድ የሚለያየውም እዚህ ላይ ነው።

የኤንቪዲያ ካርዶች እስከ አርቲኤክስ 40 ተከታታይ ድረስ 4:2:2 ፋይል በሃርድዌር መፍታት አይችሉም። 4090 የገዛ ሰውም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 50 ተከታታይ ነው ይህን የጨመረው። በሌላ በኩል የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ፣ ውስጣቸው ባለው ትንሽ ግራፊክስ፣ ኤች.265 10 ቢት 4:2:2ን ይፈታሉ። ክዊክ ሲንክ ይባላል። ያው 4:2:2 በኤች.264 ከተቀረጸ ግን እስከ 14ኛው ትውልድ ያሉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም አያግዙም፤ ያኔ ያለው አማራጭ ወይ 50 ተከታታይ ካርድ ነው፣ ወይ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ) መሥራት፣ ወይም ካሜራው የሚፈቅድ ከሆነ ቀረጻውን ወደ ኤች.265 መቀየር።

ፕሮሰሰር ስትመርጡ ታዲያ ከቁጥሩ በኋላ ያለችውን ፊደል እዩ። አይ5-12400ኤፍ ከአይ5-12400 ትንሽ ስለሚረክስ ፕሮፎርማ ላይ ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። «ኤፍ» ማለት ውስጣዊው ግራፊክስ ተዘግቷል፣ ክዊክ ሲንክ የለም ማለት ነው። ለጌም ምንም አይጎድልበትም፤ ለኤዲተር ግን በጥቂት ብር ቁጠባ ዋናውን መሣሪያ መተው ነው። ከቻላችሁ ደግሞ ከ12400 አንድ እርከን ከፍ በሉ፦ 12400 ያለው አንድ የቪዲዮ ሞተር ሲሆን 12500፣ 13500 እና 14500 ሁለት ሁለት አላቸው። ለመጀመሪያ ማሽን 13500 ወይም 14500 ከበቂ በላይ ነው። ራይዘን (የኤኤምዲን ፕሮሰሰር) የምትወዱ ከሆነ ፕሮሰሰሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን 7000 ተከታታዩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ 4:2:2ን ስለማይፈታ ከ50 ተከታታይ ካርድ ጋር ብቻ አጣምሩት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እዚህ ጋ። ያገለገለ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ አይ7 እና አይ9 በቅናሽ ሲቀርብላችሁ አትቸኩሉ። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ የሚበላሹበት ችግር ነበረባቸው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2024 የባዮስ (የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም) ማሻሻያ አውጥቷል፤ ማሻሻያው ግን የተጎዳውን አይመልስም። ሁለተኛው «ሰርቨር ፕሮሰሰር ነው፣ 14 ኮር አለው» ተብሎ የሚሸጠው ዜኦን ኢ5 ነው። ኮሩ እውነት ነው፤ ውስጣዊ ግራፊክስ ግን ጭራሽ የለውም፣ እያንዳንዱ ኮርም ቀርፋፋ ነው።

ማዘርቦርድና ራም

ለ12ኛ–14ኛ ትውልድ ቢ660 ወይም ቢ760 ቦርድ ይበቃል። በዜድ የሚጀምረው ለኦቨርክሎክ (ፕሮሰሰሩን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ ለማሠራት) ነው፤ ተዉት። ቢያንስ ሁለት የኤም.2 (የኤስኤስዲ) ማስገቢያ መኖሩን አረጋግጡ። ቢ660 ላይ 13ኛ ወይም 14ኛ ትውልድ የምታስቀምጡ ከሆነ ሻጩ ባዮሱን አሻሽሎ ያስረክባችሁ፤ አለበለዚያ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ እናንተም የተበላሸ ዕቃ የተሸጠላችሁ ይመስላችኋል።

አንድ ዓይነት ስም ያለው ቦርድ በዲዲአር4ም በዲዲአር5ም ይወጣል፤ ራሙ አንዱ በሌላው ማስገቢያ አይገባም። ብር ካጠረ ዲዲአር4 አያሳፍርም። መጠኑ 32 ጊጋባይት ይሁን፣ በሁለት ባለ 16 ጊጋባይት። አንድ ባለ 32 ከገዛችሁ በአንድ መስመር ብቻ ስለሚሠራ ፍጥነት ትከስራላችሁ። አራት ማስገቢያ ካለ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ላይ ይሰካሉ።

ግራፊክስ ካርድ

የካርዱ ሥራ ኢፌክት፣ ቀለም፣ የምስል ጽዳትና ኤክስፖርት ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ካርዱን ከፕሪሚየር ይበልጥ ያሠራዋል፤ በተለይ የካርዱ ሜሞሪ ሲያንስ 4ኬ ላይ የኖይዝ ማጽጃ ስትጨምሩ ሜሞሪ ሞላ ብሎ ያቆማችኋል። ስለዚህ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይቱ ለሪዞልቭ ከ4060 ባለ 8 ጊጋባይቱ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። 3060 በ8 ጊጋባይትም እንደሚወጣ አትርሱ፤ ካርቶኑን አንብቡ። ካሜራችሁ 4:2:2 ከሆነና አቅም ካለ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋባይቱ ሁለቱንም ችግር ባንድ ጊዜ ይፈታል። ሪዞልቭን በነፃው ቅጂ የምትጠቀሙ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ነፃው ቅጂ በዊንዶውስ ላይ የኤች.264 እና የኤች.265 ሃርድዌር ፍቺን ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ወይ ስቱዲዮውን ግዙ ወይ ፕሮክሲ ልመዱ።

ማስቀመጫ

ሂሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይበላል። ሰርግ ብላችሁ ሁለት ካሜራ ለስድስት ስድስት ሰዓት ካስቀረጻችሁ 540 ጊጋባይት ነው፤ መልሱ ሲጨመር 1 ቴራባይት ዲስክ አንድን ቤተሰብ ብቻ ችሎ ያልቃል። ስለዚህ ሦስት ቦታ ለዩ፦ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞች 500 ጊጋባይት ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ የኤስኤስዲ ዓይነት)፣ በእጃችሁ ላለው ሥራ 2 ቴራባይት ኤንቪኤምኢ፣ ለተጠናቀቀው 4 ቴራባይት እና ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ። ያለቀ ሥራ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ካለ ግን እንደሌለ ቁጠሩት።

ኤም.2 የሚመስል ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይደለም። ሳታ የሆነም አለ፤ ቅርጹ ያው ሆኖ ፍጥነቱ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይቆማል። በጣም ርካሽ የሆነው ባለ 2 ቴራባይት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኪውኤልሲ (ርካሹ የሜሞሪ ዓይነት) ነው፦ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ትልቅ ፋይል ስትገለብጡ ካሹ (ፈጣኑ ጊዜያዊ ቦታው) ሲሞላ ከሃርድ ዲስክ በታች ይወርዳል።

መብራትና ፓወር ሰፕላይ

እዚህ ላይ መቆጠብ ሌላውን ሁሉ ለአደጋ ማጋለጥ ነው። 13500 በሙሉ ኃይሉ 154 ዋት፣ አርቲኤክስ 3060 170 ዋት ይወስዳሉ። ቦርዱ፣ ዲስኩና ፋኑ ሲጨመር ወደ 400 ዋት ይጠጋል። 550 ወይም 650 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል፣ ስሙ የሚታወቅ ግዙ። ከኬዝ ጋር ተያይዞ የሚመጣውን «500 ዋት» በእጃችሁ አንሱት፤ እንደ ባዶ ጣሳ ከቀለላችሁ ጽሑፉን አትመኑ። ከጀርባው ቀይ ማብሪያ ያለው ከሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት 230 ላይ መሆኑን እዩ። 115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ ወዲያው ይፈነዳል።

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው) የግድ ነው። የሚጻፍበት ቪኤ ከዋት ጋር አንድ አይደለም፤ 1000 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ 600 ዋት አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ዋቱን ጠይቁ። ቮልቴጅ የሚያስተካክል ይሁን። ርካሾቹ ዩፒኤሶች የሚሰጡት ኃይል ጥርት ያለ ሳይን ሞገድ ስላልሆነ አንዳንድ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ልክ መብራት ሲሄድ ይጠፋል፤ ዩፒኤሱ ግን ይጮኻል። ይህን የሚነግራችሁ ሙከራ ብቻ ነው፦ ምንም የማይጎዳ ፕሮጀክት ኤክስፖርት እያደረጋችሁ የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳው ንቀሉ። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤሱ ላይ አትሰኩ። መብራት ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታገሱ፤ የመጀመሪያው ምት ነው ዕቃ የሚያቃጥለው።

ሌላው የምድር ሽቦ ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ ባሉ የቆዩ ቤቶች ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ኖሮት ውስጡ ምድር የሌለው ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በባዶ እግር ሆናችሁ የኬዙን ብረት ስትነኩ ጣታችሁን ይነዝራል። የፓወር ሰፕላዩ ማጣሪያ ጥቂት ኃይል ወደ ብረቱ ያሳልፋል፣ መሄጃ ስለሌለው በእናንተ በኩል ይወርዳል። ድምፅ ስትቀርጹ የሚሰማው ጉምጉምታም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው። ዲቫይደር መቀየር አይረዳም፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ምድር አስገቡ።

ሙቀት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ያው ፋን የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ከሳጥኑ ጋር የሚመጣውን ኩለር ለሁለት ሰዓት ኤክስፖርት አትመኑት፤ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ታወር ኩለር ግዙ፣ ኤልጂኤ1700 (የእነዚህ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች መሰኪያ) ላይ የሚገጠም መሆኑን አረጋግጡ። የውሃ ኩለር አያስፈልግም። ኬዙ ፊቱ መረብ ይሁን፤ መስታወት የሆነው ያምራል እንጂ አይተነፍስም። ሁለት ፋን ከፊት ያስገባ፣ አንድ ከኋላ ያውጣ። በበጋ የፊቱን ማጣሪያ በየወሩ ጥረጉ፤ መንገድ የሚቆፈርበት ሰፈር ያላችሁ በየሁለት ሳምንቱ።

ሞኒተር ላይ ብዙ አትጨነቁ፦ አይፒኤስ (የፓነሉ ዓይነት) ይሁን፣ ኤስአርጂቢን (የተለመደውን የቀለም ክልል) ሙሉ ይሸፍን።

ሱቅ ውስጥ

ዋጋ እዚህ ያልጻፍነው ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ብር በገበያ መተመን ከጀመረ በኋላ፣ የዛሬው ፕሮፎርማ ለሳምንት ስለማያገለግል ነው። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ያዙ፤ «አይ5 ፕሮሰሰር» የሚል ሳይሆን ሙሉ የሞዴል ስም የተጻፈበት።

ፍላሽ ላይ የራሳችሁን የካሜራ ክሊፕ፣ ሲፒዩ-ዚ፣ ጂፒዩ-ዚ እና ክሪስታልዲስክኢንፎ (ዕቃውን የሚመረምሩ ፕሮግራሞች) ይዛችሁ ሂዱ። ጂፒዩ-ዚ ሌላ ስም የተለጠፈበትን አሮጌ ካርድ ብዙ ጊዜ «ፌክ» ብሎ ያጋልጠዋል። ክሪስታልዲስክኢንፎ «አዲስ» የተባለው ኤስኤስዲ ስንት ሰዓት እንደበራ ይነግራችኋል፤ ሺህ ሰዓት ካሳየ ንግግሩ እዚያው ያልቃል። 15 ደቂቃ ኤክስፖርት አስጀምሩ። ከመክፈላችሁ በፊት የእያንዳንዱ ዕቃ ሲሪያል ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፣ የዋስትናው ጊዜም እንዲሁ፤ በቃል የተሰጠ ዋስትና ሻጩ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ቤት ስትገቡ ባዮስ ውስጥ ሁለት ነገር አብሩ፦ ራሙ በሙሉ ፍጥነቱ እንዲሠራ ኤክስኤምፒን፣ እና ካርድ ሲሰካ ራሱን የሚያጠፋውን ውስጣዊ ግራፊክስ። የሞኒተሩ ኬብል ካርዱ ላይ ይሰካ፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር ጫኑ። ፕሪሚየር ውስጥ የሚዲያ ምርጫዎች ገጽ ላይ የኢንቴል ሃርድዌር ፍቺ ምልክት ይደረግበት፣ ፕሮግራሙም ተዘግቶ ይከፈት። ከዚያ 4:2:2 የሆነውን የኤች.265 ክሊፕ እያጫወታችሁ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፤ ኢንቴል የሚለው ጂፒዩ ሥር «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለው መስመር ከዜሮ መነሳት አለበት። ካልተነሳ መጀመሪያ ባዮሱን፣ ቀጥሎ ድራይቨሩን፣ መጨረሻ ላይ የፕሮሰሰሩን ሳጥን ተመልከቱ፤ ምናልባት ያቺ «ኤፍ» እዚያ ትኖር ይሆናል።