ዕቃው ደርሶ ቀኑ ሲያሲዘው፦ የመጠቀሚያ ጊዜ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከውጭ የመጣ ዕቃ በቀን ምክንያት ወደብ ላይ ሲያዝ አስመጪው መጀመሪያ የሚወቅሰው መርማሪውን ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ትዕዛዙ በተጻፈበት ዕለት ነው። ፕሮፎርማው (ላኪው አስቀድሞ የሚሰጠው የዋጋ ሰነድ) ላይ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ ዋጋውና የሚጫንበት ወደብ በዝርዝር ይሰፍራል። ዕቃው ከተመረተ ስንት ቀን ሳያልፈው መጫን እንዳለበት ግን አይጻፍም። ከታች የዘረዘርኳቸውን ችግሮች ስታነቡ አብዛኞቹን መፍትሄዎች ውሉ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

ጊዜው አላለፈም፣ ግን "ቀሪ ጊዜው አነሰ" ተብሎ ተያዘ

ብዙ አገሮች ምግብ ሲገባ ጊዜው አለማለፉ ብቻ አይበቃቸውም። ከጠቅላላ የመቆያ ጊዜው የተወሰነ ድርሻ፣ ለምሳሌ ግማሹ፣ ቀርቶት መድረስ አለበት ይላሉ። ድርሻው እንደ አገሩና እንደ ዕቃው ዓይነት ይለያያል።

ችግሩ እንዴት እንደሚፈጠር በቁጥር እንየው። የ365 ቀን ዕድሜ ያለው ብስኩት ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ተመረተ። ክፍያው እስኪጠናቀቅ በአምራቹ መጋዘን ቆይቶ ኤፕሪል 5 ተጫነ፤ 85 ቀን ሄደ። ጉዞው 45 ቀን ወሰደ። መሃል ላይ ከአንድ መርከብ ወደ ሌላ ሲዛወር 25 ቀን ቆመ። ወደብ ላይ ሰነድና ምርመራ 30 ቀን ፈጀ። ሲደመር 185 ቀን፤ የቀረው 180 ቀን ብቻ ነው። ግማሹ ደግሞ 182 ቀን ተኩል ነው። ሙሉ ኮንቴይነር በሦስት ቀን ልዩነት ተያዘ ማለት ነው፤ ብስኩቱ አንዳች ሳይጎድለው።

መፍትሄው ከምርመራው ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ከተጫነ በኋላ 100 ቀን የሚፈጅ ከሆነ፣ ከ182ቱ 100 ሲቀነስ 82 ይቀራል። ለመርከብ መዘግየት 30 ቀን መጠባበቂያ ያዙ፤ 52 ቀረ። እንግዲህ ውሉ ላይ "ከተመረተ 50 ቀን ያለፈው አይጫን" ብላችሁ ጻፉ። "ትኩስ ምርት ይሁን" የሚል ቃል ለማንም ምንም አይናገርም፤ ቁጥር ጻፉ። በኤልሲ (ባንኩ የተስማማችሁባቸውን ሰነዶች አይቶ ለላኪው በሚከፍልበት መንገድ) የምትከፍሉ ከሆነ የእያንዳንዱ ባች (በአንድ ዙር የተመረተ ዕቃ) የምርት ቀን የተዘረዘረበትን የአምራቹን ማረጋገጫ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ አድርጉት። ያ ወረቀት ከሌለ ባንኩ አይከፍልም፤ ላኪውም መጋዘን የከረመ ዕቃ ሊሰጣችሁ አይደፍርም።

ቀኑ ተጽፏል፣ ግን ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት ያነበዋል

03/04/2026 ኤፕሪል 3 ነው ወይስ ማርች 4? በአሜሪካ ወሩ ይቀድማል፣ በአውሮፓ ቀኑ። መርማሪው በሚያውቀው መንገድ ያነበዋል፤ ከሰነዳችሁ ጋር ካልተስማማለት ይይዘዋል።

የፊደል ምህጻርም ያሳስታል። በካናዳ ማሸጊያ ላይ ወሮች በሁለት ፊደል ይጻፋሉ፤ "ኤም" እና "ኤ" ሜይ ነው፣ ማርች "ኤም" እና "አር" ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሜይን ማርች ብሎ አንብቦ ሁለት ወር ይቀንስበታል። ከታይላንድ የመጣ ዕቃ ላይ ደግሞ 2569 የሚል ዓመት ብታዩ የማተሚያ ስህተት አይደለም፤ የቡድሂስት አቆጣጠር ነው። 543 ቀንሱ፣ 2026 ይሆናል።

ወርና ዓመት ብቻ ሲጻፍም ክርክር ይነሳል። 06/2026 የወሩ መጀመሪያ ነው ወይስ መጨረሻ? ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ አሊመንታሪየስ ከሦስት ወር በላይ ለሚቆይ ምግብ ወርና ዓመት ይበቃል ይላል፤ የጥራት ቀን (እስከዚህ ድረስ ጥራቱ የተጠበቀ ነው የሚለው) በወር ብቻ ሲገለጽ ግን "መጨረሻ" የሚል ቃል አብሮት እንዲጻፍ ነው። ያቺ አንዲት ቃል ሠላሳ ቀን ታተርፋለች።

ለሁሉም የሚሠራው መድኃኒት ወሩን በሙሉ ፊደል፣ ዓመቱን በአራት አሃዝ ማሳተም ነው። የመድረሻው አገር የራሱ ቅደም ተከተል ካለው እሱን ተከተሉ፣ ናሙናውንም ኅትመት ከመጀመሩ በፊት በፎቶ አስልካችሁ አጽድቁ።

ሌብሉ ሲተረጎም ቀኑ ሌላ ትርጉም ያዘ

"እስከዚህ ቀን ጥራቱ የተጠበቀ ነው" እና "ከዚህ ቀን በኋላ አትጠቀሙበት" ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ ጥራት፣ ሁለተኛው ስለ ደኅንነት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 1169/2011 መሠረት የሁለተኛው ቀን ያለፈበት ምግብ ለጤና አደገኛ ተደርጎ ይቆጠራል። ተርጓሚው ሁለቱንም "ጊዜው የሚያበቃበት" ብሎ ሲያሳልፋቸው ደህና ምግብ ይጣላል፣ ወይም የባሰው ይመጣል፤ አደገኛው ይበላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም ቸልተኛ እንዲሆን አልፈልግም። ተለጣፊው ከመታተሙ በፊት ዋናውን ሌብልና ትርጉሙን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ቃል በቃል አስተያዩ።

ቀኑ ደበዘዘ ወይም ጠፋ

አንድ ጊዜ የጣሳ ወተት ካርቶን ስከፍት ጣሳው በጤዛ ረጥቦ ነበር። አውራ ጣቴን አሳለፍኩበት፤ ቀኑ ጥቁር ሆኖ ጣቴ ላይ ቀረ። ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ጣሳው ግን ባዶ ነው። ያለ ቀን የቀረ ጣሳ ደግሞ በካርቶኑ ቀን አይድንም።

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀለሙ ሲረጭ ጣሳው እርጥብ ወይም ቅባት የነካው መሆኑ ነው፣ ወይም ቀለሙ ለዚያ ዓይነት ገጽ አይስማማም። ፋብሪካው ላይ ቀላል ፈተና አለ፦ ከታተመ በኋላ ተለጣፊ ፕላስተር ለጥፎ በአንዴ መንቀል፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ማሸት። ቀለሙ ከተነሳ ገጹ በአየር ይድረቅ፣ ቀለሙ ይቀየር፣ ካልሆነም በሌዘር ይጻፍ።

ተለጣፊው ጥርጣሬ አስነሳ

ኮዴክስ የሌብሉ ቋንቋ ለተጠቃሚው የማይገባ ከሆነ ተጨማሪ ተለጣፊ መጠቀም ይፈቅዳል፤ የተለጠፈው ከዋናው ጋር በትክክል መስማማት አለበት። ተለጣፊው ግን የአምራቹን ቀን ወይም ባች ቁጥር ከሸፈነ መርማሪው የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ቀኑ ተቀይሯል። ንጹሕ ብትሆኑም አንሥቶ ያያል፤ ሲያነሣውም ዋናው ኅትመት አብሮ ይላጣል። ቀኑ በታተመበት ቦታ ምንም አይለጠፍ። ያለፈ ቀን ፍቆ አዲስ ማተም ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ ምክር የሚጠየቅበት ጉዳይ አይደለም።

መዋቢያው ቀን የለውም፣ የተከፈተ ጣሳ ሥዕል ብቻ አለ

ስህተት ላይሆን ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ30 ወር በላይ የሚቆይ መዋቢያ የማብቂያ ቀን አይገደድም፤ በምትኩ ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ሥዕልና ቁጥር ይኖረዋል። ቁጥሩ 12 ከሆነ ከተከፈተ በኋላ 12 ወር ማለት ነው። የመድረሻው አገር ቀን የግድ ካለ ግን ይህ አያስመልጥም፤ ቀኑ በሚቀጥለው ትዕዛዝ ፋብሪካው ላይ ይታተም። ለአሁኑ ጭነት ከባች ቁጥሩ ተነሥቶ የምርቱንና የማብቂያውን ቀን የሚገልጽ የአምራች ደብዳቤ ይዛችሁ ቅረቡ፤ መቀበልና አለመቀበል የባለሥልጣኑ ነው።

ቀኑ ደህና፣ ዕቃው ተበላሽቷል

ዘይቱ ሸተተ፣ ቸኮሌቱ ነጭ ለበሰ። የታተመው ቀን የሚሠራው ዕቃው በታዘዘው ሙቀት ከተቀመጠ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ኮንቴይነር ያንን ውል ያፈርሰዋል። ሙቀት መዝጋቢ መሣሪያ አስገቡበት፤ ለቸኮሌት ደግሞ ማቀዝቀዣ ያለው ኮንቴይነር ያዙ።

መጋዘን ውስጥ ሲስተሙ "አልፎበታል" ይላል

ቀን የሚይዝ ባርኮድ ከሆነ ቀኑ ብዙውን ጊዜ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ተብሎ በስድስት አሃዝ ይቀመጣል፤ 260403 ኤፕሪል 3 ቀን 2026 ነው። ሲስተሙ ከኋላ ጀምሮ ካነበበው 2003 ያደርገዋል። የአነባበብ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ። ዕቃ ስታወጡም ቀድሞ የገባውን ሳይሆን ጊዜው ቀድሞ የሚያበቃውን አስቀድሙ።

አሁን ተይዟል፣ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የተያዘበትን አንቀጽ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ምክንያት ይለዋወጣል። ከዚያ በባች ለዩት፤ ብዙ ጊዜ የሚያዘው አንድ ባች ሆኖ ሳለ ሙሉ ኮንቴይነሩ ይቆማል። በሰነድ የሚፈታ ከሆነ በዚያው ቀን ለላኪው ጻፉ፣ ምክንያቱም እናንተ ስትጻጻፉ ዕቃው ቀሪ ቀኑን እየበላ ነው። የማይፈታ ከሆነ ለላኪው መመለስ ወይም በባለሥልጣኑ ፊት ማስወገድ ይቀራል፤ የዚህን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ውሉ ላይ አስቀድማችሁ ጽፋችሁ ከሆነ ክርክሩ አጭር ነው።