ኳሱ የቱ ፍርድ ቤት ገባ? የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ለሚያደናግራቸው፣ ችግርና መፍትሄ

አንድ ጊዜ በኢሜይል አብሬው እሠራ የነበረ ሰው መልእክቱን እንዲህ ብሎ ዘጋው፦ «ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት»። ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ቦል ኳስ ነው። ኮርት ፍርድ ቤት ነው። ኳሱ ፍርድ ቤትህ ውስጥ ነው? የክስ ነገር ይኖር ይሆን ብዬ ኢሜይሉን ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩት። ምንም የለም። እንግዲህ ራሱ ያብራራዋል ብዬ ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ። በአራተኛው ቀን «አሁንም መልስህን እየጠበቅኩ ነው» የሚል መጣ። ለካ ኮርት የቴኒስ ሜዳም ነው። ኳሱ አንተ ሜዳ ላይ ነው፣ ተራው ያንተ ነው ማለቱ ነበር።

ችግሬ የቃላት እጥረት እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ። በአማርኛ ሰው ሲናገር ሰሙን ሰምተን ወርቁን መፈለግ ለምደናል። «ምን አለ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ማለቱ ነው?» እንላለን። እንግሊዝኛ ላይ ስንደርስ ግን ሰሙን በመተርጎም ደክመን ወርቅ መኖሩንም እንረሳለን። ከታች ያሉት እኔንም ሌሎችንም ሲያስቸግሩ ያየኋቸው ናቸው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ፈልጉና ከእሱ ጀምሩ።

ምልክት፦ እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ፣ አረፍተ ነገሩ ግን አይገባኝም

መንስኤው ቃላቱ ተጣምረው ሌላ ትርጉም መያዛቸው ነው። አንዳንዱ ፈሊጥ ራሱን ያጋልጣል። «አንደር ዘ ዌዘር» ሲባል ማንም ከአየር በታች ስለመሆን የሚወራ አይመስለውም፤ ትንሽ አሞኛል ማለት ነው። «ኮልድ ፊት»ም የቀዘቀዘ እግር ሳይሆን መወሰኛው ሲቃረብ መፍራት ነው። እንዲህ ያለው ቢያንስ ያስደነግጠንና እንነቃለን።

ተንኮለኛው ሌላው ነው። አጭር ግስ ከአንዲት ትንሽ ቃል ጋር ይጣመርና ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። «ፑት» ማስቀመጥ ነው ተብለን ተምረናል። «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው። «ፑት አውት» እሳት ማጥፋት። አሁን ደግሞ ይህን እዩት፦ «ሺ ፑት ሚ አፕ ፎር ዘ ናይት፣ ባት ሺ ኩድንት ፑት አፕ ዊዝ ማይ ስኖሪንግ»። ለሌሊቱ አስጠጋችኝ፣ ማንኮራፋቴን ግን አልቻለችውም። «ፑት አፕ» ሁለቴ መጣ፤ በመጀመሪያው ማስጠጋት፣ «ዊዝ» ስትጨመርበት መታገስ። የተቀመጠ ነገር የለም።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሳ። በ1930 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ኦግደን የሚባል እንግሊዛዊ 850 ቃላት ብቻ ያሉት «ቤዚክ ኢንግሊሽ» የሚባል የተቀነሰ እንግሊዝኛ አወጣ። ግሶቹ 18 ብቻ ነበሩ። ሲሰሙት እፎይ ያሰኛል። ችግሩ ግስ ሲቀንስ የቀሩት ሸክሙን ይካፈሉታል። በ18 ግስ ሁሉን ነገር ለመናገር ጊቭን ከአፕ፣ ፑትን ከኦፍ ማጋጠም ግድ ነው። ለአፍ መፍቻ ተናጋሪው የሚቀለው ለእኛ የሚከብደን ለዚህ ነው። መታገስ ማለት የሆነው «ቶለሬት» ረጅም ቃል ነው፤ ግን አንዴ ካወቃችሁት ብዙም አይከዳችሁም። ረጅም ቃል አያስፈራችሁ። የሚያስፈራው አጭሩ ነው።

መፍትሄው በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፦ ቃል በቃል ብወስደው እዚህ ቦታ ያስኬዳል? ካላስኬደ በየቃሉ መፍታቱን አቁሙ። ቀጥሎ ከፊትና ከኋላ ያለውን እዩ። «ዘ ሚቲንግ ዎዝ ኮልድ ኦፍ፣ ሶ ዊ ዌንት ሆም» ይላል እንበል። ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ከሄዱ ስብሰባው ቀርቷል ማለት ነው። በቃ፣ «ኮል ኦፍ» መሰረዝ መሆኑን መዝገበ ቃላት ሳትከፍቱ አገኛችሁት። መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ ደግሞ የመጀመሪያውን ፍቺ አይታችሁ አትዝጉት። ለተማሪ በተዘጋጁት ላይ ፈሊጡና ጥምር ግሱ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ቃል ፍቺዎች በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚቀመጠው። ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ይመለሳል።

ምልክት፦ የገባኝ መስሎኝ ነበር፣ ነገሩ ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ

ይሄኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ያልገባችሁ መሆኑን እንኳ አታውቁም። መንስኤው ማሳነስ፣ ይሉኝታና ሽሙጥ ነው። እንግሊዞች በተለይ ማሳነስ ይወዳሉ። «ኖት ባድ» ብዙ ጊዜ ሙገሳ ነው። «ኢንተረስቲንግ» እንደ አባባሉ «አልተዋጠልኝም» ሊሆን ይችላል። «አይም አፍሬድ» ፍርሃት የለበትም፤ ቀጥሎ መጥፎ ወሬ እየመጣ ነው ማለት ነው። ሰው ኮምፒውተሩ ተበላሽቶበት «ኦ፣ ግሬት!» ካለ ደስ አላለውም። «ኩዋይት ጉድ» ደግሞ በአሜሪካዊ አፍ «በጣም ጥሩ»፣ በእንግሊዛዊ አፍ ብዙ ጊዜ «ደህና ነው፣ ምንም አይልም» ነው።

ስለዚህ ነገር ደጋግሞ የሚተረክ የኮሪያ ጦርነት ታሪክ አለ። ሚያዝያ ወር 1951 እ.ኤ.አ. ኢምጂን ወንዝ አጠገብ አንድ የእንግሊዝ ሻለቃ ጦር በብዙ እጥፍ በሚበልጠው የቻይና ጦር ተከበበ። የእንግሊዙ ብርጋዴር ቶም ብሮዲ ለአሜሪካዊው የበላይ አዛዥ ሁኔታውን ሲገልጽ «ኤ ቢት ስቲኪ» አለ። ቃል በቃል «ትንሽ የሚያጣብቅ» ነው። እኛም «አጣብቂኝ» ስለምንል ከአሜሪካዊው ይልቅ ለወርቁ እንቀርብ ነበር! እንደሚተረከው አዛዡ «ትንሽ» የምትለዋን ሰምቶ ሻለቃው ችግሩን ይወጣዋል ብሎ አሰበ። ብሮዲ ግን አለቅን ማለቱ ነበር። አብዛኛው የሻለቃው ወታደር ተማረከ ወይም ሞተ። ሁለቱም አዛዦች አፋቸውን የፈቱት በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ እናንተ ስትሳሳቱ ራሳችሁን አትውቀሱ።

መፍትሄው ሁለት ምርጫ ያለው ጥያቄ ነው። ሥራችሁን አይተው «ኢንተረስቲንግ» ካሉ «ሹድ አይ ቼንጅ ኢት፣ ኦር ሊቭ ኢት አዝ ኢት ኢዝ?» በሉ። ልቀይረው ወይስ እንዳለ ልተወው? እንዲህ ስትጠይቁ ሰውየው ወርቁን ለማውጣት ይገደዳል። ፈሊጥ ካልገባችሁ ደግሞ «ዋት ዱ ዩ ሚን?» አትበሉ፤ በድምፅ አወጣጡ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» የሚል የጠብ ቃና ሊይዝ ይችላል። «ሶሪ፣ አይ ዶንት ኖው ዛት ኤክስፕረሽን» ይሻላል። እስካሁን ይህን ብዬው የሳቀብኝ ሰው የለም። እንዲያውም ብዙዎቹ ማብራራት ደስ ይላቸዋል።

ምልክት፦ ስናገር ሰው ይስቃል፣ ወይም ፊቱ ይለዋወጣል

ሳታውቁት የአማርኛ ፈሊጥ ቃል በቃል ተርጉማችሁ ይሆናል። ትዕግሥተኛ ሰውን «ሆደ ሰፊ ነው» እንላለን። ይህንኑ «ሂ ሃዝ ኤ ቢግ ስቶማክ» ብትሉት ስለ ቦርጩ ያወራችሁ ይመስላል። አድናቆታችሁ ስድብ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ የባሱት በሁለቱም ቋንቋ ያሉና ትርጉማቸው የተለያየ ናቸው። እጅ መስጠት ለእኛ መሸነፍ ነው። «ጊቭ ሚ ኤ ሃንድ» ግን እርዳኝ ነው። «ጊቭ ሂም ኤ ቢግ ሃንድ» ሲባል ደግሞ አጨብጭቡለት። ዓይነ ደረቅ ለእኛ ሃፍረተ ቢስ ነው። በእንግሊዝኛ «ድራይ አይድ» ያላለቀሰ ሰው ነው። አዳራሹ ውስጥ «ኖት ኤ ድራይ አይ» ነበር ከተባለ ያላለቀሰ አልነበረም ማለት ነው እንጂ ሁሉም ጨዋ ነበር ማለት አይደለም።

የእኔ ዘዴ ሁለት እርምጃ አለው። ወደ እንግሊዝኛ ከመሄዴ በፊት አማርኛውን ወደ ተራ አማርኛ እመልሰዋለሁ። «አንጀቴን በላኝ» ልል ከሆነ መጀመሪያ «በጣም አሳዘነኝ» እለዋለሁ። ከዚያ «አይ ፌልት ሶ ሶሪ ፎር ሂም» ራሱ ይመጣል። አንጀቱን ይዤ ብሻገር ኖሮ የምግብ መፈጨት ችግር ይመስልብኝ ነበር። ይህን መሃለኛ ፌርማታ መዝለል ነው ሁላችንንም የሚጥለን። መጀመሪያ ላይ ያዘገያል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ሳታስቡት ይሆናል።

ምልክት፦ ብዙ ፈሊጥ አጠናሁ፣ ስናገረው ግን አያምርብኝም

መንስኤው ከዝርዝር መማር ነው። ዝርዝሩ ፈሊጡ መቼ፣ ለማን፣ በምን ስሜት እንደሚባል አይነግራችሁም። «ኪክ ዘ በኬት» (ቃል በቃል «ባልዲውን በእግሩ መታ») ሞተ ማለት ነው ይላል። ግን የቀልድ አነጋገር ነው፤ አባቱ ለሞተበት ሰው ብትሉት ተዋረዳችሁ። «ኢትስ ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» (ዝናቡ ዶፍ ነው ለማለት) በየመማሪያ መጽሐፉ አለ፤ ዛሬ ሰው አዘውትሮ ሲለው ግን ብዙም አትሰሙም። ደግሞ ፈሊጥ እንደ ደረቀ ጭቃ ነው፤ ትንሽ ልታጎብጡት ብትሞክሩ ይሰነጠቃል። ባልዲውን በብዙ ቁጥር ብታደርጉት ወይም ግሱን ወደ «ተመታ» ብትገለብጡት ሞቱ ይጠፋና እውነተኛ ባልዲ ይቀራል።

መፍትሄው ቀላል ነው፦ መናገሩን ተዉት። ፈሊጥን ለጆሮ ተማሩት፣ ለአፍ ግን ግልጹን ያዙ። ይህ ድህነት አይደለም። የአሜሪካ ድምፅ በ1959 እ.ኤ.አ. «ስፔሻል ኢንግሊሽ» የሚባል ፕሮግራም ጀምሮ 1500 ገደማ በሚሆኑ መሠረታዊ ቃላት፣ ፈሊጥ እየሸሸ፣ በቀስታ እየተነበበ የዓለምን ዜናና ሳይንስ ለአሥርት ዓመታት አቅርቧል። እናንተ በስብሰባ ላይ ልትሉት ያሰባችሁት ነገር ከዚያ አይወሳሰብም።

ምልክት፦ ግልጽ ስናገር ትዕዛዝ ይመስልብኛል

አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ውስጥ ነው የሚሸሽገው። «ይስጡኝ» ስንል አክብሮቱ አብሮ ወጥቷል። እንግሊዝኛ አንተም አንቺም እርስዎም «ዩ» ስለሆኑ «ጊቭ ሚ» ራቁቱን ይቀራል። ስለዚህ «ኩድ ዩ» ጨምሩ፦ «ኩድ ዩ ሴንድ ሚ ዘ ፋይል?»። ነገሩ አሁንም ግልጽ ነው፣ ልብስ ለበሰ እንጂ።

ግን ልብሱ በዝቶ ሰውየው እንዳይጠፋ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. አንድ የኮሎምቢያው አየር መንገድ የአቪያንካ አውሮፕላን ኒውዮርክ ለማረፍ ለረጅም ጊዜ በአየር ላይ ሲጠብቅ ነዳጁ አለቀ። አብራሪዎቹ ቅድሚያ ጠይቀዋል፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብለዋል። «ኢመርጀንሲ» የምትለዋን ቃል ግን ለተቆጣጣሪዎቹ አላሏትም። አውሮፕላኑ ወድቆ ከተሳፈሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። መርማሪዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የአደጋ ጊዜ መሆኑ አለመነገሩ ነበር። ነገሩ ሲጠና መጀመሪያ ዋናውን ቃል በሉ። ይቅርታው ይደርሳል።

ደብተሬ አሁን ሁለት ዓምድ አለው። ግራው የጆሮ ነው፤ የሰማሁትን ፈሊጥ ከነአረፍተ ነገሩ እጽፍበታለሁ። ቀኙ የአፍ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሻገረው ሦስት የተለያዩ ሰዎች በሦስት የተለያየ ቦታ ሲሉት ከሰማሁ ብቻ ነው። ግራው ስምንት ገጽ ሞልቷል። ቀኙ ገና ግማሽ ገጽ ነው። የኳሷ ነገር እስካሁን ግራው ላይ ነች። ብዙ ሰው ሲላት ሰምቻለሁ፣ መሻገር ትችል ነበር፤ እኔ ግን መልስ ስፈልግ «አይም ዌይቲንግ ፎር ዩር አንሰር» ነው የምለው፣ ፍርድ ቤት የሚፈልግም አላጋጠመኝም።