ተማሪን በሥራ ገበያ መረጃ ስናማክር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ከማስተማሩ ጎን ልጆቹን የማማከሩ ሥራም እኔው ላይ ወድቋል። "ቲቸር፣ ምን ብማር ነው ሥራ የማገኘው?" የሚለውን ጥያቄ በሳምንት ስንቴ እንደምሰማው ቆጥሬ አላውቅም። ለመመለስ ስሞክር ብዙ ተሳስቻለሁ። ከታች ያሉት አብዛኞቹ የራሴው ናቸው።

ማስታወቂያ ብቻ መቁጠር። የአራት ኪሎን ነገር ታውቃላችሁ። ኮሪደር ልማቱ አካባቢውን ሳይቀይረው በፊት ሥራ ፈላጊው ጋዜጣ ተከራይቶ ጠርዝ ላይ ቁጭ ይልና የክፍት ሥራ ቦታ ገጹን ወደ ደብተሩ ይገለብጥ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ሰሌዳው ፊት ተደርድሮ አንገቱን ያሰግጋል። አንድ ቀን አምስት ተማሪዎች ይዤ ወረድኩ። ሥራቸው ማስታወቂያዎቹን በትምህርት ዓይነት መቁጠር ነበር። አካውንቲንግ ሁሉንም በለጠ። አንዷ እስክሪብቶዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ "በቃ ቲቸር፣ ወስኛለሁ" አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ከዛ አጠገቧ ሲገለብጥ የነበረውን ወጣት "ወንድሜ፣ ምን ተመርቀህ ነው?" አለችው። "አካውንቲንግ።" ቀጥሎ ያለውን ጠየቀች። "አካውንቲንግ።" ሦስተኛው ሳይጠየቅ ሳቀ።

ሰሌዳው ስንት ቦታ እንደተከፈተ ይናገራል። ለዛ ቦታ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ግን አይናገርም። "ብዛት 1" የሚለውን መስመር ሁላችንም እናልፈዋለን፤ ከሥሩ ያለውን "የሥራ ልምድ" የሚለውንም እንደዛው። አሁን ልጆቹን ማስታወቂያውን በስልክ ፎቶ አስነሥቼ መጀመሪያ የማስነብባቸው ይህንን ነው። አዲስ ተመራቂ የሚቀበለው፣ ማለትም 0 ዓመት የሚለው፣ ለብቻው ይቆጠር። ቁጥሩ ወዲያው ያንሳል።

ይሄ ስህተት ታናሽ ወንድም አለው፤ ያልተለጠፈ ሥራ የለም ብሎ ማሰብ። ጎበዝ ሴራሚክ ሠራተኛ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያን በጋዜጣ አይፈለግም። "እጁ የሚታመን ሰው ታውቃለህ?" ተብሎ በስልክ ነው የሚፈለገው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አንዱ ማስታወቂያ በአስር ቻናል ይዞራል። ልጁ አስር ሥራ አየሁ ብሎ ይመጣል።

የዛሬን ገበያ ለነገ ተመራቂ መስጠት። 11ኛ ክፍል ሲገባ ናቹራል ወይ ሶሻል ብሎ የመረጠ ልጅ ዲግሪውን የሚይዘው ቢፈጥን ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ተፈላጊ ነው የተባለውን ሙያ ሁሉም ሰምቶታል፤ ሁሉም ከሰማው ደግሞ ሁሉም አብሮ ነው የሚመረቀው። ይህን በአገር ደረጃ አይተነዋል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ቅበላው 70 በመቶ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ተወሰነ። አገሪቱ ኢንጂነር ያስፈልጋታል ነበር የሚባለው። ውሸትም አልነበረም፣ ግንባታው ጦፎ ነበር። ግን መመረቅና መቀጠር እኩል አልሄዱም፤ ኮብልስቶን ስለሚያነጥፈው ኢንጂነር የተቀለደው ቀልድ የመጣውም ከዛ ነው። (ኮብልስቶን ማንጠፍ ነውር ሆኖ አይደለም፣ ለዛ አምስት ዓመት መማር ነው ያስቀለደው።) ስለዚህ "አሁን ምን ይፈለጋል?" ከሚለው ይልቅ "ይሄ ሙያ ቢቀዘቅዝ የተማርኩትን ይዤ የት እሻገራለሁ?" ማለት ይሻላል።

አንድ ቁጥር ይዞ መሮጥ። በ2013 ዓ.ም. የተሠራው የሠራተኛ ኃይል ጥናት የአገሪቱን ሥራ አጥነት 8 በመቶ አድርጎት ነበር። ያንን ይዤ ክፍል ገብቼ "ያን ያህልም አያስፈራም" ብያለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። የከተማው ብቻ ሲታይ ግን 18.7 በመቶ ነው። ገጠር ውስጥ እርሻው ሁሉንም ስለሚይዝ ጥቅሉ ይወርዳል። የከተማ ሴቶች ደግሞ ከወንዶቹ በግልጽ ይብሳሉ። በዛ ላይ በሳምንቱ ውስጥ ጥቂት ሰዓት የሠራ ሰውም ሥራ እንዳለው ነው የሚቆጠረው። ፒያሳ ላደገች ልጅ የአገሩን አማካይ መንገር የሌላ ሰው ጫማ ማልበስ ነው። ደመወዝም እንዲሁ፦ ዓመቱ ያልተጻፈበት የደመወዝ ቁጥር አይረባም። በተለይ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የድሮው ሠንጠረዥ ታሪክ ሆኗል።

የዲግሪውን ስም ማንበብ፣ ሥራውን መዝለል። አጭር ናት ይቺ። ማስታወቂያው "አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ተመሳሳይ" ይልና ከታች ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌር ነው) የሚችል፣ ኤክሴል የሚችል ይላል። ልጁን የሚያስቀጥረው ብዙ ጊዜ የታችኛው መስመር ነው። እሱን በክረምት መማር ይቻላል።

ወላጅን መርሳት። ልጁን አሳምነህ ትልከዋለህ፣ ማታ ቤት ይፈርሳል። ባለፈው አንድ አባት መጡ። ልጃቸው እጁ ከሽቦ አይለይም፣ የሰፈሩን ስቶቭ ሁሉ የሚጠግነው እሱ ነው፤ ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ሊማር ይፈልጋል። አባቱ ግን "መምህርት፣ እኔ ይህን ሁሉ የለፋሁት ልጄን ቴክኒክና ሙያ ልትልኩብኝ ነው?" አሉኝ። ጥናትም ቁጥርም አላወጣሁም። "መጨረሻ ቤትዎ መብራት ሲበላሽ ኤሌክትሪሺያን ለማግኘት ስንት ቀን ፈጀብዎት?" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "አራት ቀን፣ ለዛውም ተለማምጬ" አሉ። ስንት እንደከፈሉ ስጠይቃቸው ሳቁ እንጂ አልነገሩኝም። ልጁ ምዝገባው እስኪደርስ አባቱን እየጠበቀ ነው።