የቪክቶሪያ ዘመን ባንክ ስናይ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ለንደን እንግዳ ሲመጣብኝ "ሲቲ" የሚባለውን የባንኮች ሰፈር ሳላሳይ አልሸኝም። ቢሾፕስጌት ጎዳና ላይ ያለው ጊብሰን ሆል ጋ ስንደርስ ሁሌ የሚሆነው አንድ ነው። "ይሄ ደግሞ ቤተ መንግሥት ነው?" ይሉኛል። ባንክ ነበር እላለሁ። አንድ ፎቶ ይነሳና ወደ ታወር ብሪጅ ጉዞ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም! አንጀቴ እያረረ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ያረጀውን ሁሉ "ቪክቶሪያ" ማለት

ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡት ከ1837 እስከ 1901 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያው አቅራቢያ ባለው በእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ነው። መስኮት የሌለው የውጭ ግንቡ ንግሥቲቱ ከመንገሣቸው በፊት የኖረው የጆን ሶን ሥራ ነው። ከግንቡ በላይ ብቅ ያለው ሕንፃ ደግሞ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ በኸርበርት ቤከር ንድፍ የተሠራ ነው። አንዱ ቀደመ፣ አንዱ ዘገየ። የኛም ቢሆን አይገባበትም፤ አፄ ምኒልክ እንግሊዞች ከያዙት የግብፅ ናሽናል ባንክ ጋር ተዋውለው የአቢሲኒያ ባንክን የከፈቱት በ1906 ነው። ንግሥቲቱ ካረፉ አምስት ዓመት አልፏል።

ፎቁን ሳይቆጥሩ ማለፍ

ጊብሰን ሆልን ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ እዩት። ስንት ፎቅ ነው? ሦስት የሚለኝ አለ፣ አራት የሚለኝም አለ። መልሱ አንድ ነው። ያ ሁሉ ቁመት የአንድ አዳራሽ ነው። ቅስት መስኮቶቹና በመካከላቸው የቆሙት ባለ ሽንትር ዓምዶች ከመሬት እስከ ጣሪያ ሥር አንድ ወጥ ሆነው ይወጣሉ። በሲቲ መሬት ውድ ነው፤ ያኔም ውድ ነበር። እዚያ ላይ ፎቅ ደርቦ ማከራየት እየተቻለ አየሩን ባዶ መተው፣ "እኛ የኪራይ ሳንቲም አንለቅምም" ብሎ መናገር ነው።

አሁን ደግሞ ቀና በሉ። ከመስኮቶቹ በላይ ንግድን፣ እርሻን፣ የባሕር ጉዞን የሚያሳዩ ቅርጾች ድንጋዩ ላይ ተፈልፍለዋል። ጣሪያው ጠርዝ ላይ ሐውልቶች ቆመዋል። ቅዱሳን የሚመስሏቸው አሉ። አይደሉም፤ እንደ ማንቸስተርና በርሚንግሃም ያሉ፣ ባንኩ የሚሠራባቸው ቦታዎች በሰው አምሳል ተቀርጸው ነው። በዛሬ ቋንቋ "ቅርንጫፎቻችን" የሚል ማስታወቂያ ነው።

ጌጡን ጉራ ብቻ አድርጎ መውሰድ

ጉራ አለበት፣ አልክድም። ግን ባንኩን ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነው። ዛሬ እንግሊዝ አገር ባንክ ቢወድቅ ለአስቀማጩ እስከተወሰነ መጠን የሚከፍል ዋስትና አለ። ያኔ አልነበረም። አንድ ወሬ ይነሳል፣ ሰው በር ላይ ይሰለፋል፣ ባንኩ አበቃለት። ስለዚህ ሕንፃው ራሱ ዋስ ሆኖ መቆም ነበረበት። ይህን ያህል ድንጋይ የተከለ ሰው ሌሊት ገንዘባችሁን ይዞ አይጠፋም ነው ነገሩ።

የዚህኛው ባለቤት፣ ናሽናል ፕሮቪንሻል ባንክ፣ ደግሞ የባሰ ችግር ነበረበት። በ1833 ተቋቁሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ ለንደን ሆኖ ሳለ ለንደን ውስጥ የባንክ ሥራ አይሠራም ነበር። የራሱን የብር ኖት የሚያወጣ የአክሲዮን ባንክ ከለንደን 65 ማይል፣ ማለትም 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ እንዳይሠራ ሕጉ ይከለክል ነበር። በ1866 ኖት ማውጣቱን ትቶ ከተማ ገባ። አርክቴክቱ ጆን ጊብሰን ይህን አዳራሽ የሠራው ለዚያ መግቢያ ነው። አዲስ ሙሽራ እንደምትለብሰው ቁጠሩት።

ጊዜው ግን ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ኦቨረንድ ገርኒ የሚባል ስመ ጥር የገንዘብ ቤት ወደቀ፤ ሲቲ ተሸበረ። በዚያ ሰሞን በዚህ በር ያለፈ ሰው ዓምዶቹን በምን ዓይን እንዳያቸው ገምቱ።

ድንጋዩን አይቶ ባንኩን ማመን

ይሄኛው የኛ ብቻ ሳይሆን የዚያን ዘመን ሰዎችም ስህተት ነበር። ብሪስቶል፣ ኮርን ስትሪት ላይ ከ1850ዎቹ የቀረ አንድ ባንክ አለ። ቬኒስ ያለውን የሳንሶቪኖ ቤተ መጻሕፍት አስመስለው የሠሩት ነው። በቅርጽ ተጨናንቆ ባዶ ቦታ የሚባል ነገር የለውም። ለኔ እንግሊዝ አገር ካየኋቸው ሁሉ ዓይን የሚሞላው እሱ ነው። ያሠራው የዌስት ኦፍ ኢንግላንድ ባንክ በ1878 ከሰረ። ዋሱ ዛሬም ቆሟል፤ ባለ ዕዳው ከጠፋ ቆየ።

በር ላይ መመለስ

ዕድል ካገኛችሁ ግቡ። ጊብሰን ሆል አሁን የድግስ አዳራሽ ስለሆነ ያለ ጥሪ መግባት አይቻልም። ውስጡ ግን ብርሃኑ የሚወርደው ከላይ፣ ከመስታወት ጣሪያ ነው። ጸሐፊዎቹ ቀኑን ሙሉ መዝገብ ላይ በእጅ ሲጽፉ የሚውሉ ነበሩ፤ ብርሃን የሥራ ዕቃቸው ነው።

ጥሪ ለሌለው ፍሊት ስትሪት አለለት። እዚያ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ በአጠገቡ ላሉት ፍርድ ቤቶች ብሎ በ1888 የከፈተው ቅርንጫፍ ነበረ። ንድፉ የአርተር ብሎምፊልድ ነው። በ1975 ተዘጋ፤ ኋላ መጠጥ ቤት ሆነ። ማንም ገብቶ አንገቱን አቅንቶ ጣሪያውን ማየት ይችላል።

ባለፈው አንድ ዘመዴን ይዤ ገባሁ። ባንኮኒው ላይ ተደግፈን ቢራ አዝዘን፣ "ባንክ" የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ "ባንኮ"፣ ገንዘብ መንዛሪዎች ከሚቀመጡበት አግዳሚ፣ እንደመጣ ነገርኩት። የኛም "ባንኮኒ" ከዚያው ቤት ነው። ቢራውን አስቀመጠና እንጨቱን በመዳፉ ዳበስ አደረገው። "ታዲያ ይሄ ዕቃ መቼ ሥራ ለወጠ?" አለኝ።