ለጎልፍ ሜዳ ያማሩ የመነሻ ምልክቶች እንዴት ይመረጣሉ?

የጎልፍ ተጫዋች በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጨዋታውን ሲጀምር አስቀድሞ በዓይኑ የሚፈልገው ሣሩ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ምልክቶች ነው። ተጫዋቾች «ቲ ማርከር» የሚሏቸው እነዚህ ምልክቶች የመጀመሪያው ኳስ ከየት እንደሚመታ ይወስናሉ። አንድ ሰው ሙሉ ዙር ሲጫወት 18 ጊዜ አጠገባቸው ቆሞ ተራውን ስለሚጠብቅ፣ ሜዳው ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚደረግለት ከክለቡ ሕንፃ ይልቅ እነሱ ይነግሩታል። ስለዚህ ምርጫቸው ከበጀቱ በተረፈ ገንዘብ በችኮላ የሚከናወን ግዢ ሊሆን አይገባም።

ምርጫው የሚጀምረው ከመልክ ሳይሆን ከሕጉ ነው። በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ የሚገኘው የጎልፍ የበላይ አካል አር ኤንድ ኤ እና የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር በጋራ በሚያወጡት ሕግ መሠረት፣ የመነሻው ቦታ አራት ማዕዘን ሲሆን ወደ ኋላ ያለው ጥልቀቱ የሁለት ዱላ ርዝመት ነው። የፊት ድንበሩ የሁለቱን ምልክቶች የመጨረሻ የፊት ጫፎች የሚያገናኘው መስመር ሲሆን፣ የጎን ድንበሮቹ ደግሞ የምልክቶቹ የውጭ ጠርዞች ናቸው። ምት በሚቆጠርበት ውድድር ኳሱን ከዚህ ቦታ ውጭ አስቀምጦ የመታ ተጫዋች 2 የቅጣት ምት ተጨምሮበት እንደገና ከትክክለኛው ቦታ ይመታል። እንግዲህ የምልክቱ ቅርጽ ራሱ የድንበር መስመር ስለሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር የፊት ጫፉ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያጠራጥር ወጣ ገባ ቋጥኝ ወይም ቅርንጫፍ የበዛበት ቅርጽ ለተጫዋቾች የክርክር ምንጭ ይሆናል። ድቡልቡል፣ ኪዩብ ወይም ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነ ቅርጽ ይህን ችግር ያስቀራል።

ቀጥሎ ስንት ጥንድ እንደሚያስፈልግ ይሰላል። 18 ጉድጓድ ያለው ሜዳ በእያንዳንዱ ጉድጓድ 4 የመነሻ ደረጃ፣ ማለትም ከጉድጓዱ በተለያየ ርቀት ያሉ 4 መነሻዎች ቢኖሩት 144 ምልክቶች ያስፈልጉታል፤ መጠባበቂያ ሲጨመር ቁጥሩ 160 ገደማ ይደርሳል። ይህ ስሌት አስቀድሞ ካልተሠራ አንዱ ናሙና ርካሽ መስሎ ተመርጦ ጠቅላላ ዋጋው ኋላ ያስደነግጣል።

ቀለም የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል። በአሜሪካ የቆየው ልማድ ለቅርቡ መነሻ ቀይ፣ ለመካከለኛው ነጭ፣ ለሩቁ ሰማያዊ፣ ለውድድር ደግሞ ጥቁር ወይም ወርቃማ መጠቀም ነው። በብሪታኒያ ነጭ የውድድር፣ ቢጫ የዘወትር፣ ቀይ ደግሞ የሴቶች መነሻ ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ መነሻን በጾታ መሰየም እየቀረ ነው። በ2011 የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበርና የአሜሪካ ፒ.ጂ.ኤ (የባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር) ተጫዋቾች ኳስ መትተው በሚያደርሱበት ርቀት ልክ ወደ ፊት ቀርበው እንዲጀምሩ የሚያበረታታ ዘመቻ በጋራ ከጀመሩ ወዲህ ብዙ ክለቦች ደረጃዎቹን በቀለም ወይም በቁጥር ብቻ ይጠራሉ። እኔም ይህን እመርጣለሁ፤ ጀማሪ ወንድም ሆነ አረጋዊ ተጫዋች ወደ ቅርቡ መነሻ ሳያፍር መሄድ የሚችለው ስያሜው ማንነቱን የማይነካ ሲሆን ነውና። የተመረጡት ቀለሞች በውጤት መመዝገቢያው ካርድ ላይ ከታተሙት ጋር አንድ መሆን አለባቸው።

በአገራችን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሚል ሐሳብ ከኮሚቴ አባላት ቢነሳ የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን አረንጓዴ ምልክት ሣር ላይ ተቀምጦ ከሩቅ አይለይም፤ በዚህ ላይ ዝርያቸው ከሰሜን አውሮፓ ከሆኑ ወንዶች 8 በመቶ ያህሉ ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ይቸገራሉ። የባንዲራውን ቀለማት ማሳየት የሚፈልግ ክለብ በምልክቱ አናት ላይ በቀጭን ቀለበት ቢያስቀባቸውና ዋናውን ቀለም ነጭ፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ቢያደርግ ሁለቱንም ያገኛል። ቀለም ለመለየት ለሚቸገር ሰው ደግሞ በእያንዳንዱ ምልክት ላይ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጭረት መቅረጽ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። የቀለሙ ዓይነት ሲመረጥ የፀሐይዋ ጉዳይም አይዘንጋ፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ለቤት ውስጥ የተሠራ ቀለም ቶሎ ይገረጣል። ለውጭ አገልግሎት የተዘጋጀና ጨረር የሚቋቋም ቀለም መግዛት ያስፈልጋል።

የምልክቶቹን ውበት ከሁሉ በላይ የሚወስነው የሚሠሩበት ነገር ነው። ፕላስቲክ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ይሁንና ሲቆይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ቀልጦ በቅርጽ የሚወጣ አሉሚኒየምና ነሐስ የክለቡን ዓርማ ጥርት አድርጎ ይይዛል፤ ነገር ግን ነሐስ ሌባ ሰርቆ ሊሸጠው የሚችል ብረት መሆኑ መታሰብ አለበት። እንጨት ለሣርና ለዛፍ የሚስማማ መልክ አለው፤ ጽድ ብስባሴንና ምስጥን የሚቋቋም፣ ወይራም ጠንካራና ደስ የሚል የውስጥ መስመር ያለው በመሆኑ ሁለቱም ይመረጣሉ። ለዚህ ሲባል ግን ሀገር በቀል ዛፍ መቁረጥ አይገባም፤ በነፋስ ከወደቀ ግንድ የተቆረጡ ክብ ጉማጆች ይበቃሉ፤ የተቆረጠው ፊታቸውም በዘይት ወይም በቫርኒሽ መታሸግ አለበት፤ አለዚያ ክረምቱ ያጠቁራቸዋል። ድንጋይን በተመለከተ፣ በደጋው ሞልቶ የሚገኘው ጥቁር ድንጋይ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ለኮብልስቶን ንጣፍ ሲጠርቡት የኖሩ ባለሙያዎችም በየከተማው አሉ። ከእነሱ የታዘዘ፣ አናቱ ብቻ በቀለም የተቀባ ጥርብ ድንጋይ ከሩቅ አገር ከሚመጣ ማንኛውም ዕቃ ይልቅ ለሜዳው የራሱን መልክ ይሰጠዋል ብዬ አምናለሁ።

በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የሚገኘው የሜሪዮን ጎልፍ ክለብ ለዚህ ጥሩ አስረጂ ነው። ክለቡ በጉድጓዶቹ ላይ በሚተከለው ዘንግ ጫፍ በባንዲራ ፈንታ የተጎነጎነ ቅርጫት ያስቀምጣል፤ በመጀመሪያዎቹ 9 ጉድጓዶች ቀይ፣ በኋለኞቹ 9 ደግሞ ብርቱካናማ። ፎቶግራፍ ያየ ጎልፈኛ ሁሉ ሜዳውን በዚያ ቅርጫት ብቻ ያውቀዋል። አንድ ሐሳብ ተመርጦ በሁሉም ጉድጓድ ላይ ሳይለዋወጥ ሲደገም ትንሽ ዕቃ የሜዳው መታወቂያ ይሆናል፤ በየጉድጓዱ የተለያየ ቅርጽ ማስቀመጥ ግን ዓይንን ያደክማል።

ክብደት የሚመዘነው በሠራተኛው እጅ ነው። ሣሩ በአንድ ቦታ ብቻ ተረግጦ እንዳያልቅ ምልክቶቹ በየዕለቱ ሊዛወሩ ስለሚችሉ፣ ከማጨጃ ማሽኑም ፊት መነሳት ስላለባቸው፣ አንድ ሰው በየእጁ አንድ አንድ ይዞ ያለ ችግር የሚሄድበት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ግራም የሚመች ይመስለኛል። ከዚህ የቀለለው ከሥሩ ወደ መሬት የሚገባ ሹል ብረት ያስፈልገዋል። ቁመቱም ከ20 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይሻላል፤ የተሳሳተ ምት ጠንካራ ምልክት ላይ ነጥሮ በአቅራቢያው የቆመን ሰው ሊጎዳ ይችላልና።

ሙሉው ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ጥንድ ተሠርቶ ለሁለት ሳምንት ሜዳ ላይ ይቀመጥ። ጠዋት ጤዛ ሳለ፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ከ30 ሜትር ርቀት ይታይ፤ በተለይም ሣሩን የሚያጭዱት ሠራተኞች ምን እንደሚሉ ይጠየቁ፤ ዕቃውን በየቀኑ የሚይዙት እነሱ ናቸውና።

ምልክቶቹ ከተገዙ በኋላ ውበታቸው በአቀማመጣቸው ይታያል። በሁለቱ መካከል ከ5 እስከ 6 ሜትር ክፍተት ይተው። ከፑተር (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ከሚያስገባው ዱላ) በስተቀር በሕጉ የሚፈቀደው ረጅሙ ዱላ 122 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ የመነሻው ቦታ ጥልቀትም የሁለት ዱላ ርዝመት ስለሆነ፣ ከኋላቸው ቢያንስ 2.5 ሜትር ደልዳላ ሣር መኖር አለበት። የሚያገናኛቸው መስመር ወደ ዒላማው ከሚወስደው አቅጣጫ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ፤ የተጣመመ ከሆነ ተጫዋቹ ሳይታወቀው ወደ ጫካው አቅጣጫ ይቆማል። ከሁለት የፕላስቲክ ቧንቧ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ መለኪያ ለዚህ በቂ ሲሆን፣ ከመጠባበቂያዎቹ ምልክቶችና ከአንድ ጣሳ ተመሳሳይ ቀለም ጋር በመሣሪያ ቤቱ ቢቀመጥ የተላጠው በዚያው ቀን ይተካል።