«አስጊ ነኝ» እና ሌሎች የስጋት ስህተቶች

ሐዋሳ ተቀምጬ የሰው ትርጉም ሳርም ዓመታት አለፉ። እንደ «ስጋት» ቀይ እስክሪብቶዬን የጨረሰ ቃል የለም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸው፦ «ሐይቁ እንዲሞላ እንሰጋለን»። ባለፈው ክረምት አንድ ጀማሪ ስለ ሐይቃችን የተረጎመውን ሪፖርት አመጣልኝ። መቼም ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ዝናብ ሲበረታ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የሚውል ሰው ዓይኑን ከውኃው አይነቅልም። ልጁ ታዲያ በ12 ገጽ 7 ጊዜ «እንዲሞላ» ብሎ ይሰጋል! «እንዲሞላ» የሚለው እኮ የሚመኝ ሰው ነው፤ ዓሣ አስጋሪ እንኳ ይህን ያህል አይመኝም። የምንሰጋውን ነገር አማርኛ በአሉታ ነው የሚናገረው፦ «እንዳይሞላ እንሰጋለን»።

«ታዲያ አይሞላም ማለት አይሆንም?» አለኝ።

«እናትህ ‹ልጄ እንዳይታመምብኝ ሰጋሁ› ስትል ምን ማለቷ ነው?»

ዝም አለ። የሚያሰጋው የነገሩ መቅረት ሲሆን ደግሞ «ዝናቡ ሳይመጣ እንዳይቀር እሰጋለሁ» ይባላል። «ይሞላል ብለን እንሰጋለን» ቢልም ባልተጣላን። «እንዲሞላ» ግን፣ አሁን ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል።

አንዲት ልጅ የሥራ ማመልከቻዋ ላይ «አዲስ ቦታ ስገባ ትንሽ አስጊ ነኝ» ብላለች። ስጉ ነኝ ማለቷ ነበር። ስጉ የሚሰጋው ነው፣ አስጊ የሚያሰጋው። እንደዚያው ብትልከው ቀጣሪው ዘበኛ ይጠራ ነበር።

ስጋት ስሜቱም ነው፣ አደጋውም። «የነዋሪዎች ስጋት» ሲባል ነዋሪዎቹ ሰጉ ወይስ የሚያሰጉት እነሱ ናቸው? «ነዋሪዎቹ ሰግተዋል» በሉና ገላግሉን።

ጅብ ፊት ለፊቱ ቆሞ «ሰጋሁ» የሚል የለም፤ እሱ ፍርሃት ነው። ስጋት ጅቡ ሳይመጣ ነው።

«ሆዴ ባባ» ስጋት አይደለም፤ እንባ ሲቀርብ የሚባል ነው። ምክንያቱን ሳታውቁት አንድ ነገር ክፉ ክፉ ሲሸታችሁ «ቀልቤ አልወደደውም» አለላችሁ።

ሥጋትም ስጋትም ይጻፋል፤ በአንድ ገጽ ሁለቱን አታደባልቁ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። «አፕሪሄንሽን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሥሩ ላቲን ነው፣ መያዝ፣ መጨበጥ ማለት። ስለዚህ ስጋትም ይሆናል፣ ሰውን በቁጥጥር ሥር ማዋልም። ጀማሪ ሳለሁ «ወላጆች ስለ አዲሱ የትምህርት ሰዓት ያላቸው ስጋት» መሆን የነበረበትን «በአዲሱ የትምህርት ሰዓት የወላጆች በቁጥጥር ሥር መዋል» ብዬ አስረከብኩ። ማንም ሳያየው ተባዝቶ በር ላይ ተለጠፈ። በማግስቱ ሳልፍ አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችና ዘበኛውን ጠየቀችው፦

«ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚያስሩን?»