መስኮት ተሰወረ ብሎ አውቶካድን ነቅሎ መጫንና ሌሎች ስህተቶች

ስታዲየም አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አውቶካድ በተባለው የንድፍ መሳያ ፕሮግራም ፕላን እሠራለሁ፤ በፕሎተርም (በትልቅ ወረቀት ማተሚያ) አትማለሁ። ከሜክሲኮም ከካዛንቺስም ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ «አውቶካዴ ተበላሸ» እያለ የሚመጣ ወጣት ጠፍቶብኝ አያውቅም። አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። የሚያስቸግረኝ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ባለቤቱ «ላስተካክል» ብሎ የሠራው ነው።

ከሁሉም ደሜን የሚያፈላው አንድ መስኮት አልመጣም ተብሎ ሶፍትዌሩን ነቅሎ እንደገና መጫን ነው። ያ አልበቃ ሲል ደግሞ ኮምፒውተሩ ፎርማት ይደረጋል። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ አመሻሹ ላይ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። ጨረታው የሚዘጋው በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ፋይል ልክፈት ሲል የፋይል መምረጫው መስኮት አልመጣ ብሎት ሦስት ጊዜ ነቅሎ ጫነ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነበት። በመጨረሻ ከጓደኛው ጋር ዲስኩን ጠረጉት፤ ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ንድፍም አብሮ ተጠረገ።

«ጋሼ፣ ያኔ ያተምሁት ፋይል እርስዎ ዘንድ ቀርቶ ይሆን?» አለኝ።

ፈልጌ ያገኘሁለት የሁለት ሳምንት ዕድሜ ያለው ፒዲኤፍ ብቻ ነበር። «መስኮቱ እምቢ ሲልህ ከታች፣ ትእዛዝ የምትጽፍበት መስመር ላይ ምን ይል ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «የፋይሉን ስም ጻፍ ይል ነበር፤ እኔ ግን ልብ አላልሁትም» አለኝ። ሌሊቱን ከፒዲኤፉ ላይ እየለካ እንደገና ሲስል አደረ።

ያ ሁሉ የአንዲት ቁጥር ጉዳይ ነበር። ፋይልዲያ (FILEDIA) የሚባል ቅንብር አለ። 1 ሲሆን መስኮቱ ይመጣል፤ 0 ሲሆን መስኮቱ ይቀርና ፕሮግራሙ የፋይሉን ስም በትእዛዝ መስመሩ ላይ ይጠይቃል። አንድ ስክሪፕት ወይም ሊስፕ (ትእዛዞችን በራሱ የሚያስኬድ ትንሽ ፕሮግራም) ለሥራው 0 አድርጎት ሳይጨርስ ከተቋረጠ እንደዚያው ይቀራል። ፋይልዲያ ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር፣ 1፣ ኢንተር፤ አለቀ። ነቅሎ መጫኑ ያልረዳው ቅንብሩ በዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ በተጠቃሚው ስም ስለሚቀመጥ ነው። ፕሮግራሙ ቢነቀልም እርሱ ባለበት ይጠብቃችኋል። የግድ ሁሉንም ወደ መጀመሪያው መመለስ ካስፈለጋችሁ፣ በጀምር ዝርዝሩ ውስጥ በአውቶካድ ሥር ቅንብሮችን የሚመልስ መሣሪያ አለ፤ የራሳችሁን ቅንብር ቅጂ አስቀምጡና እርሱን ተጠቀሙ። ንድፋችሁን አይነካም።

ሁለተኛው ስህተት ችግሩ የት እንዳለ ሳይለዩ መነካካት ነው። ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሌላ ፋይል ክፈቱ። ሌላው ፋይል ደህና ከሆነ ችግሩ ንድፉ ውስጥ ነው። በሁሉም ፋይል ላይ ከታየ የፕሮግራሙ ቅንብር ነው። ሌሎች ፕሮግራሞችም ከተንቀጠቀጡ ወይም ከጠቆሩ ስክሪኑን፣ ገመዱን፣ ግራፊክስ ካርዱን (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣውን የኮምፒውተሩን ክፍል) ተመልከቱ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ስንት ሰው ግን ይህን ሳያደርግ ቀኑን ሲያባክን አይቻለሁ!

ከስብሰባ ሲመለሱ «የባሕርያት ሰሌዳው ጠፋ» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የተመረጠውን መስመር ቀለምና ልክ የሚያሳየው ይህ ሰሌዳ የቀረው ፕሮጀክተሩ በነበረበት በኩል ነው፤ ዊንዶውስ ሁለት ስክሪን ያለ እየመሰለው ይሆናል። የዊንዶውስ ቁልፍንና የፒ (P) ፊደልን አብራችሁ ተጭናችሁ የኮምፒውተሩን ስክሪን ብቻ ምረጡ። ካልተመለሰ ከታች በቀኝ ካለችው የጥርሳም ጎማ (የማርሽ) ምልክት የሥራ ገጹን (ወርክስፔሱን) እንደገና ምረጡት።

ሪበኑም (ከላይ ያለው የመሣሪያዎች ረድፍ) ሰሌዳዎቹም ባንድ ጊዜ ከተሰወሩ እጃችሁ ኮንትሮልንና ዜሮን ነክቷል፤ ደግማችሁ ተጫኑ። የትእዛዝ መስመሩ ብቻ ከጠፋ ኮንትሮልና 9 ነው።

ክቡ ባለ ብዙ ማዕዘን መስሎ ሲታይ ክቡን እንደገና አትሳሉ። ሪጄን (REGEN፣ ንድፉን በስክሪኑ ላይ እንደገና የሚያድስ ትእዛዝ) ብላችሁ ጻፉ፤ ሲታተምም ክብ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሀች (ቦታን የሚሞላው መስመር ወይም ቀለም) ጠፍቶ ከሆነ ፊልሞድን (FILLMODE) 1፣ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከሆነ ኪውቴክስትሞድን (QTEXTMODE) 0 አድርጉና ሪጄን።

አሁን እኔ ራሴ ወደ ሠራሁት ስህተት ልምጣ። የመሀል አዲስ አበባ ቦታ በአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን (ቀያሾች በሚጠቀሙበት የካርታ መለኪያ ሥርዓት) ሲለካ ምሥራቃዊ ልኩ ወደ 472,000፣ ሰሜናዊው ወደ 998,000 ሜትር ይጠጋል። ቀያሹ የሚያመጣላችሁ ፋይል በዚህ ልክ ነው። ወደ ሚሊሜትር ስትቀይሩት ሰሜናዊው ብቻ ወደ 998,000,000 ይደርሳል። ንድፉ ከዜሮ ይህን ያህል ሲርቅ ጥቃቅኑ ልዩነት በስክሪኑ ላይ በትክክል አይያዝም፦ ቀጥ ያለው መስመር ይሸረፋል፣ ሀቹ እምቢ ይላል፣ ስታጎሉት ሁሉም ይዘላል። ሰው ግን ካርዱን ይወቅሳል።

መድኃኒቱ ወደ ዜሮ ማቅረብ እንደሆነ ባወቅሁበት ሰሞን፣ የአንድ ደንበኛዬን የቀያሽ ፋይል እንዳለ ጎትቼ ዜሮ ላይ አደረግሁትና በዚያው ስም አስቀመጥሁት። ስክሪኑ ላይ አማረ። ቀያሹ ግን ከዚያው ፋይል ላይ ነጥቦቹን ወስዶ ቦታው ላይ ቶታል ስቴሽኑን (የቅየሳ መሣሪያውን) ሲተክል አንዱም ችካል ከመሬቱ ጋር አልገጠመም። ቁፋሮ ሊጀምሩ የመጡት የቀን ሠራተኞች እስከ ማታ ቆሙ። የቀን ሒሳባቸውን ከኪሴ ከፈልሁ፤ ይገባኝም ነበር።

ስለዚህ የቀያሹን ፋይል በፍጹም አታንቀሳቅሱት። ሕንፃውን በሌላ ፋይል ዜሮ አጠገብ ሥሩት፣ የቀያሹን በኤክስሬፍ (ዋናውን ፋይል ሳይነካ ሌላ ንድፍ ላይ በሚያያይዘው ትእዛዝ) አምጡና ወደ ሕንፃው አስጠጉት፤ በስንት እንዳስጠጋችሁትም ንድፉ ላይ ጻፉ። ዩሲኤስ (የመለኪያውን መነሻና አቅጣጫ) ብቻ መቀየር አይፈውሰውም፤ መስመሮቹ ያው ከዜሮ በሩቅ ናቸው።

በርዕስ ሰንጠረዡ ላይ የባለቤቱ ስም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሲታይ ፋይሉ አልተበላሸም። የጽሑፉ ስታይል የተቀመጠው የግዕዝ ፊደል በሌለው ኤስኤችኤክስ (SHX) በሚባለው የአውቶካድ ፎንት ነው። እንደ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ባለ የዩኒኮድ ፎንት ቀይሩት። የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነውና ንድፉን ከሠራው ሰው ፎንቱን ጠይቁ። እባካችሁ በግምት አትሙሉት፤ የሰው ስምና የቦታ ቁጥር ነው።

ግራፊክስ ካርዱን የምትጠረጥሩት ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ ነው። ግራፊክስኮንፊግ (GRAPHICSCONFIG) ብላችሁ ጻፉና የሃርድዌር ማፋጠኛውን አጥፉ። ችግሩ ከጠፋ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ከካርዱ አምራች አምጥታችሁ አድሱና ማፋጠኛውን መልሱት፤ አጥፍቶ መተው ትልልቅ ንድፎችን ያንቀረፍፋል። ላፕቶፓችሁ ሁለት ካርድ ካለው አውቶካድ በደካማው እየሠራ እንዳይሆን አረጋግጡ።

እኔንም ሆነ ሌላ ሰው ስትጠይቁ የስክሪኑን መሀል ብቻ በስልክ አንስታችሁ አትላኩ። የታችኛው የትእዛዝ መስመር የሚታይበትን፣ ኤፍ 2 ተጭናችሁ ያለፉት ትእዛዞች የተዘረዘሩበትንም ላኩ። ችግሩ ከመምጣቱ በፊት የመጨረሻው የሠራችሁት ነገር እዚያ አለ፤ እኔም በመጀመሪያ የማየው እርሱን ነው።